ካልሲውን ያወለቀው ኃላፊ

ለመዋኛ ገንዳችን ኃላፊ፣ ለወዳጄ፤

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ ቅናት ግን አንጀቴን እያሳረረው ነው። ዛሬ ጠዋት እዚህ ለዘገባ በመጣሁበት ከተማ አንድ ገንዳ ገብቼ ስዋኝ፣ አንዲት አዛውንት ጠርዙ ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ ውሃው ዛሬ በርዷል" አሉ። የዚህ ገንዳ ኃላፊ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር ቀና ብሎ እንኳ አላየም። ጫማና ካልሲውን አወለቀ፤ የሱሪውን ጫፍ አጥፎ እግሩን ውሃው ውስጥ ነከረ። ትንሽ ቆየና፣ "እውነትዎን ነው እማማ፤ እኔንም በረደኝ" ብሎ ማሞቂያውን ሊያስተካክል ሄደ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው፣ "ይሄ ልጅ ካልሲ የሚገዛው በከንቱ ነው" አሉኝ።

ገንዳቸው ከእኛው ያንሳል፤ ሴራሚኩም ተሰነጣጥቋል። የቀናሁት በሴትዮዋ ነው። ባለፈው ክረምት ውሃው በርዷል ብዬ እየተንቀጠቀጥኩ ስነግርህ፣ አንተ ጣትህን ወደ ቴርሞሜትሩ ቀስረህ፣ "ጋዜጠኛው፣ እሱ ይዋሻል? የቀዘቀዘው ያንተ ደም ነው" አልከኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ብርዱ ግን አልለቀቀኝም። የጠዋት ደንበኞችህ ለምን ወደ ማዶው ገንዳ እንደሚሸሹ ስትጠይቀኝ ከርመሃል። መልሱን እዚህ አገኘሁልህ።

ይህ ፖስት ካርድ ሊሞላ ነው። ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የዋና አሰልጣኛችንንም እንዳትረሳው። እሁድ እመለሳለሁ። ሰኞ ጠዋት ውሃው በርዷል ማለቴ አይቀርም፤ ካልሲህን አውልቀህ ጠብቀኝ።

ያንተው ጋዜጠኛ