የአይሻ ዳቦ

ኅዳር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.
ጅጅጋ

ዛሬ ምድጃው አልነደደም።

ለታናሽ ጣውንቴ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የጀርባሽ ሕመም ተሻለሽ? ልጆቹስ? ትንሹ ጥርስ አበቀለ ወይስ ገና ድዱን ያሻል? ሙቀቱ በረድ ብሎላችሁ ከሆነ አልሐምዱሊላህ። እኛ ደህና ነን። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ዐምራን ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ቁመቷ ከእኔ በልጧል።

ይህን ሁሉ የጠየቅሁሽ መጠየቅ ስለሚገባ ነው። አሁን ወደ ልቤ ልግባ።

በአማርኛ የምጽፍልሽ ቢሌ እንዳያነበው ነው። ባላችን አማርኛ ከእኔም ከአንቺም አሳምሮ ይናገራል፤ የሚያነበው ግን ሶማሊኛ ብቻ ነው፤ የአማርኛ ፊደል አልቆጠረም። እኔና አንቺ በተለያየ ከተማ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘን ተምረናል። ደውዬ እንዳልጠይቅሽ ስልኩ ሱቁ ውስጥ ነው፤ ቢሌም ሱቁ ውስጥ ነው። የምጽፈው ልብስ ሰፊው በኃይሉ ጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱንም የለመንኩት እሱን ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይዞ ቀና አላለም፤ እኔም ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። ቢሌ የመስኮት መጋረጃ አሰፊ ብሎ ልኮኛል። አይሻ ከተማ ላለው ቤት አለኝ። ለአንቺ ማለት ነው። ቢጫው ጨርቅ ያምር ነበር። አረንጓዴውን ገዛሁልሽ።

እቀናብሻለሁ። ታውቂዋለሽ። በባል ብቻ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ያንን ሰው ይለምደዋል፤ ተራው ሲደርስ ይሄዳል፣ ተራው ሲደርስ ይመጣል። ያልቻልኩት የዳቦ ቤታችንን ምድጃ ነገር ነው። ያ ምድጃ የተሠራው በሠርጌ ወርቅ ነው። ጡቡ ሲደረደር አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ዐምራንን በሆዴ ይዤ።

የእናቴ አገር የሀርሺን ግራር እያለቀ ነው ብዬ ከአንቺ በፊት የተናገርኩት እኔ ነኝ። እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ግመሎቹ ከፀሐይ የሚሸሹበትን ቦታ ጉቶ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ጉቶ ላይ ተቀምጣ ሻሂ አጠጣችኝ። ተመልሼ ቢሌን፣ ይህ እንጨት የሚመጣው ከዘመዶቼ ደጅ ነው፣ ሌላ የሚነድ ነገር እንፈልግ አልኩት። ሳቀ። የዐምራን እናት፣ ዳቦ በዱዓ ይበስላል እንዴ አለኝ። ሱቅ ውስጥ ለቆሙት ሁሉ ደገመላቸው። ከዚያ በኋላ የፉል ቤት አሳላፊዎች ሳይቀሩ ዳቦው በዱዓ ደረሰ ወይ እያሉ ይመጡብኝ ጀመር።

ከዚያ አንቺ ጋ ሰንብቶ ሲመለስ፣ ከጅቡቲ በኩል ዱቄታችንን በሚያመጣው ኢሱዙ አናት ላይ ጋራንዋ አስጭኖ መጣ። ያ ሐዲዱን የዋጠው፣ የፍየሎቻችሁን ጥርስ የጨረሰው እሾሃም ዛፍ። እሷ ናት ያሰበችው አለኝ። ሜዳውን ለግጦሽ ከነሣን ለምድጃ ይሁን ብላለች አለኝ። ሴቶቹን ሰብስባ፣ ተመልሶ እንዳያቆጠቁጥ ከመሬት በታች ከሥሩ ታስቆርጣለች፤ እሾሁን አስመልምላ በፀሐይ ታስደርቃለች እያለ ምሳው እስኪቀዘቅዝ አወራልኝ። ደግሞ አንዱን ፍልጥ አንሥቶ አሸተተው። ከተጋባን ጀምሮ ዳቦዬን ሲያሸት አይቼው አላውቅም።

እንጨቱ ጥሩ ነበር። ይህን ለመጻፍ እጄ ይለግማል፤ ግን ጥሩ ነበር። ጋጋሪያችን ጫኔ፣ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረው ጎጃሜ፣ የመጀመሪያውን ቀን ፍሙን አይቶ፣ እትዬ፣ የግራሩ እሳት ከዚህ ጋር ሲተያይ የድሃ ሠርግ ነው፣ ሞቅ ብሎ ወዲያው ይበተናል አለኝ። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ስሙን መጥራት አቅቶኝ ያ ነገር እያልኩ ኖርኩ። ጫኔ ያንን ነገር ጨምርበት፤ ያ ነገር በዛ።

በኋላ ከአካባቢ ጥበቃ ሰዎች መጥተው አዩን። ግራር ሳያስቆርጥ የሚጋግር ብለው ለቢሌ ምስክር ወረቀት ሰጡት። የአንቺም የእኔም ስም የለበትም። ከመደርደሪያው በላይ ሰቀለው፤ የዱቄት ብናኙን የምጠርግለት እኔ ነኝ። ያም ይሁን። የከተማው ሰው ግን ዳቦውን የአይሻ ዳቦ ብሎ ጠራው። የማቦካው እኔ፣ ስሙ የአንቺ ከተማ። አንዲት ሴት ባለፈው፣ የአይሻው ካለቀ ሌላ አልፈልግም አለችኝ፤ ፊት ለፊቴ፣ በሊጥ የተለወሰ እጄን እያየች።

አሁን ወደ ጥፋትሽ ልምጣ። ከረመዳን መግቢያ ጀምሮ የምትልኪው እንጨት እርጥብ ነው። ቅጠሉ እንኳ አልረገፈም። እሾሁ አልተመለመለም፤ ጫኔ መዳፉን ተወግቶ በአንድ እጁ ነው የሚጋግረው። ጉቶ የለውም፤ ከላይ ከላዩ ተቀንጥቦ ነው የመጣው፣ በክረምት እጥፍ ሆኖ እንዲበቅል። ድሮ የምትልኪው በልጥ ነበር የሚታሰር፤ ቋጠሮው ላይ የሴት ጉልበት ይታይ ነበር። ያሁኑ በሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ነው። አንድ ቀን ገመዱ ከእንጨቱ ጋር ገብቶ ዳቦው በሙሉ ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ፤ ፉል ቤቶቹ መለሱልን። በጾም ማግሥት እንዲህ ያደረግሽኝ ሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው ብዬ ነበር።

ሾፌሩን ማሃድን ጠየቅሁት። ምነው አይሻዎች ሰነፉ አልኩት። እንደ አክስት ቆጥሮ ኤዶ ነው የሚለኝ፤ ኤዶ፣ እኔ አሁን የምጭነው ከአዲጋላ ባቡር ጣቢያ ነው፣ የአይሻውን ተወው ተብያለሁ አለኝ። ማን አለህ ብለው፣ ኤዶ፣ እኔ መሪ ነው የምይዘው፣ ወሬ አልይዝም ብሎ ሞተሩን አስነሣ። እንግዲህ ከበረች አልኩ። የመንደሯን ሴቶች በትና አዲጋላ ላይ ቅጥረኛ አሰማራች አልኩ። ስንቱን አልኩሽ።

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል ለኮስን። እንደገና ለኮስን። ጭሱ ከምድጃው አፍ ተመልሶ ፊታችን ላይ መጣ። ሊጡ ተነሥቶ፣ ወርዶ፣ ኮመጠጠ። ፀሐይ ስትወጣ ጉሃድ፣ የድሮው የግራር ነጋዴያችን፣ መኪናውን ወደ ጓሮው በር አስጠግቶ ቆመ። ቢሌ ነው ያስጠራው። ምስክር ወረቀቱስ አልኩት። ወረቀቱ በፊት በር ነው የተሰቀለው፣ እንጨቱ በጓሮ ነው የሚገባው፣ ምን ያገናኛቸዋል አለኝ። ጉሃድ ሳቀ። እኔ የጓሮው በር ላይ ቆምኩ። ይህ ከገባ እኔ እወጣለሁ፣ ሊጡን ጉሃድ ያቡካልህ አልኩት።

ስለ ዛፉ እንዳይመስልሽ። ስለ እናቴ አገር ጥላ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። ግን ያሰብኩት አንቺን ነው። ግራር ካስገባሁ፣ የአይሻዋ የጀመረችውን የጅጅጋዋ አፈረሰችው ይባላል። ያንን ከምሰማ ምድጃው ቀዝቅዞ ይዋል አልኩ። ጉሃድ ሄደ። ቢሌ አልተቆጣም። እጁን ኪሱ ከተተ፤ በወረቀት የተጠቀለለ የመስኮት ልክ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ወደ በኃይሉ ላከኝ። ምድጃ በቀዘቀዘበት ቀን ለአንቺ መጋረጃ! መንገዱን ሁሉ ስረግምሽ መጣሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ተራዬ ደረሰ። በኃይሉ ልኩን አምጪ አለኝ። እሱ ሲለካ እኔ ልጨርስ።

ወረቀቱን ፈታው። መቼም መስኮት የምንለካው በገመድ ነው፤ ለቁመቱ አንድ ቋጠሮ፣ ለጎኑ አንድ ቋጠሮ። አንድ ገመድ አንድ መስኮት። ከወረቀቱ ውስጥ ሦስት ገመድ ወጣ። ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው፤ የአዲጋላው እንጨት የሚታሰርበት።

በኃይሉ፣ እትዬ፣ እነዚህ ትልልቅ መስኮቶች ናቸው፣ የአዲስ ቤት ናቸው፣ ይህ ጨርቅ አይበቃም አለኝ። ደግሞ እንኳን ደስ አላችሁ አለኝ።

ቤትሽን አውቀዋለሁ። እናትሽ የሞተች ጊዜ መጥቼ ሰባቱንም ቀን ተቀምጫለሁ። ፊትሽን ላለማየት ስል መስኮትሽን ሳይ ነበር የምውለው። በሐዲዱ በኩል ናት፤ መዝጊያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ባቡር ሲያልፍ ትንቀጠቀጣለች። አንዲት ናት። በዚህ ጨርቅ እጥፋት ትሸፈናለች።

ጣውንቴ፣ ቤት ጨምረሻል እንዴ? ጨምረሽ ከሆነ ቶሎ ጻፊልኝ። እንደ ድሮዬ መቅናቴን እቀጥላለሁ፤ በአንቺ መቅናት ለምጄዋለሁ፣ ቤቴ ነው። ካልጨመርሽ ግን ምንም አትጻፊ። ከረመዳን ወዲህ ወደ አይሻ ነኝ ብሎኝ የሄደባቸውን ሳምንታት እኔ እዚህ አልዘረዝርልሽም። አንቺ ስንቱን እንዳየሽው አንቺ ታውቂያለሽ።

እንጨት ላኪልኝ። የሴቶችሽን፤ ደረቁን፣ የተመለመለውን፣ በልጥ የታሰረውን። በማሃድ እንዳይሆን። ጨው ጭነው በሚያልፉት ላኪው፤ ስሙም የእኔ ይሁን እንጂ የቢሌ አይሁን። ምድጃው በወርቄ ቆሟል፤ እንጨቱ በእጅሽ ተቆርጧል፤ እሱ ወረቀቱን ያንጠልጥል። ሰው ሲጠይቀኝ የአይሻ ዳቦ ነው እላለሁ፤ አንጀቴ እያረረም ቢሆን እላለሁ። ቅናቴ አልቀነሰም። ለሁለት ተከፈለ እንጂ።

አላህ ጀርባሽን ይጠግንልሽ። የልጆችሽን እግር ከእሾህ ይጠብቅ። ከሥሩ ያስቆረጥሽው ሁሉ ደርቆ ይቅር።

በኃይሉ መቀሱን ከፍቶ፣ እትዬ፣ ከየትኛው ልጀምር እያለኝ ነው። ሁለቱን ገመድ ከነጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ትቼለት እየወጣሁ ነው፤ አንዱ ደብዳቤው ውስጥ አለልሽ፣ መስኮትሽ ላይ ለኪው። ይህን የምልክበት የድሬዳዋው አውቶቡስ ሳይነሣ መናኸሪያ መድረስ አለብኝ።

ለመካከለኛዋ ጣውንቴ፣
ከታላቋ