ከፉልክ ቤት በቀር

ሚያዝያ 20፣ 1349

ዛሬም ሁዳድ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የጌታው ቀን ነው። የተረፈው የእኔ። ጠዋት አሥራ አንድ ላም አለብኩ። ቅቤው እምቢ ብሎኝ እስከ ቀትር ናጥኩ... ብርዱ ይሆን? ጎረቤቴ ማቤል አጠገቤ ተቀምጣ ምላሷን ስትንጥ ዋለች። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት ሰማያዊ ሻሽ ገዝታለች። ከእኛ ዱቄት ላይ እፍኝ እፍኝ ባይዘግን ባሏ ሻሽ ከየት ያመጣል? ትላለች ማቤል። እውነቷን ነው። ሻሹ ግን ያምርባታል፣ ምን ይደረግ።

አሥራ አንደኛዋ ቡሬ ናት። የእኔዋ ቡሬ። ድምፄን ስትሰማ ዛሬም አንገቷን አዞረች።

እዚሁ ልጻፈው። ለማን እነግራለሁ? ባሌ ዋሪን በጥር ሞተ። ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ፉልክ ገመድ ይዞ መጣ። ጭሰኛ ሲሞት ምርጡ ከብት ለጌታው ነው፤ አውቃለሁ፣ አባቴም ሲሞት በሬያችንን ነድተውታል። ግን ፉልክ? ከዋሪን ጋር በአንድ ወንዝ ሲዋኝ ያደገው፣ በሠርጋችን ቀን ሰክሮ የአሳማ ገንዳ ውስጥ የተኛው ፉልክ? ጭቃ ሹም ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው እንጂ እሱም እንደኛው ጭሰኛ ነው። ሬሳውን አልፎ በረት ገባ። የቡሬን አፍ ፈልቅቆ ጥርሷን አየ።

"ልማድ ነው አቪስ። እኔ አላወጣሁትም።"

ጎትቶ ወሰዳት። አሁን የገዛ ላሜን ለጌታው አልባለሁ።

በቀን በብርሃን፣ መንደሩ ሁሉ እያየ፣ በገዛ እጁ እየጎተተ ደጄ ይመልሳታል። እንዴት? እንጃ። ግን ይመልሳታል።

ሚያዝያ 28

አባ ኦስበርት ዓይናቸው ደክሟል፣ መጽሐፉን እኔ አነበብኩላቸው። ፊደል ያስተማሩኝም ለዚሁ ነው። ለዚህ መጻፊያ የሚሆነኝን ቁራጭ ብራናም የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ቂም ኃጢአት ነው አሉኝ። ፉልክ ላሚቱን በወሰደ ማግስት የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ነው ብለው በጌን የወሰዱትም እሳቸው ናቸው... ደግ ሰው ናቸው። በጓን ግን አልረሳኋትም።

ከዮርክ የመጣ መርፌ ሻጭ ወሬ ይዞ መጥቷል። በደቡብ ሰው ብብቱ ሥር እንቁላል የሚያህል እብጠት ያወጣና በሦስት ቀኑ ያልቃል አለ። ፉልክ ደግሞ የከተማ ሰው ስለማይታጠብ ነው ይላል። እሱ መቼ ታጥቦ ያውቃል?

ግንቦት 11

የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሞተ። በሁለተኛው ቀን ሚስቱ። ብብቷ ሥር... አየሁት። እንቁላል የሚያህል።

በሰማያዊ ሻሿ ገነዝናት።

ግንቦት 16

ሰባት ቤት። ሬሳ በወጣበት በር ላም ይወጣል። ፉልክ ከቤት ቤት፣ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ።

ግንቦት 23

ትናንት አባ ኦስበርት። የመጨረሻውን ጸሎት የሚያደርስላቸው ቄስ ስለጠፋ እኔው አነበብኩላቸው። ሴት ያነበበችው ይቆጠር ይሆን? ጨርሼ ቀና ስል እጄን ይዘውኝ ነበር። የበጓን ነገር አነሱ። ይቅር በይኝ አሉ። ይቅር አልኩ... ለበጓ።

የጌታው በረት ሞልቶ ከብቱ አጥር ሥር ይተኛል። ከአርባ በላይ ነው። እረኛው ከሞተ ሳምንቱ። ፉልክ ግን መሰብሰቡን አላቆመም። ለምን? ማን ይጠብቀዋል፣ ማን ያልበዋል? ሰው አልቆ ከብት ብቻ የሚቀር እየመሰለኝ ነው።

ሰኔ 1

ባለፈው ሳምንት የፉልክ ሚስት፣ ዛሬ አባቱ። የቀሩት እሱና እናቱ እማማ ሂልዳ ብቻ ናቸው።

መሬቱ በአባቱ ስም ነው። ስለዚህ ከብት ይወጣል። ከማን ቤት? ከጭቃ ሹሙ ቤት። ማን ያወጣዋል? ጭቃ ሹሙ። የአባቱን ቀይ በሬ በዚያው ገመድ አስሮ ሲመጣ በረቱ በር ላይ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር።

"ልማድ ነው ፉልክ። አንተ አላወጣኸውም።"

አላየኝም። ጆሮው ግን ቀላ። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ጎኔን እስኪወጋኝ። ...ሚስቱ ደግ ሴት ነበረች። ጨው ያበደረችኝ ጊዜ ብዙ ነው። ለሷ አላለቀስኩም። ነገ አለቅስ ይሆናል።

ሰኔ 15

ከጅረቱ ማዶ ካለው ርስት ፈረሰኛ መጣ። የእነሱም ሰው አልቋል፣ ሣር አጫጅ ይፈልጋሉ። የቀን ደመወዝ፣ እኩለ ቀን ላይ ዳቦ በአይብ፣ ጠላ እስኪበቃ። የማን ጭሰኛ ናችሁ ብሎ አልጠየቀም። ማቤል ሁለቴ ጠየቀችው፣ ጌታችሁ ማነው አትለንም ወይ ብላ። ሰውዬው ሣሩ ያንን አይጠይቅም አላት።

ያለፈቃድ ከርስቱ ወጥቼ አላውቅም። እናቴም ወጥታ አታውቅም። እዚያ ማዶ ያለውን ዛፍ ዕድሜ ልኬን ሳየው ኖሬ አንድ ቀን ጥላው ሥር አልተቀመጥኩም።

ነገ አላልብም።

ሰኔ 16

ረፋዱ ላይ ፉልክ መጣ። ደጄ ቆመ። አልገባም፣ ግባም አላልኩት።

"ከብቶቹ አልታለቡም።"

"ሰምቻለሁ፣ ይጮኻሉ።"

"ካንቺ ሌላ ማን ቀረ አቪስ?"

"ቡሬን በቀን ጎትተህ ደጄ አምጣልኝ። ከዚያ አስብበታለሁ።"

ጌታው ቆዳዬን ይገፍፉታል አለኝ። ከቤትህ ምርጡ እሱ ከሆነ ይውሰዱት አልኩት። ማቤል ከጓሮ ሆና ሳቋን ስታፍን ሰማኋት። ነገ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ለመንደሩ ስትደግም ትውላለች፣ አውቃታለሁ። ትድገም።

ሰኔ 18

ማዶ ነን። ሣር እናጭዳለን። ዛፉ ሥር ተቀመጥኩ... ዛፍ ነው።

ነፋሱ ወደዚህ ሲዞር የላሞቹ ጩኸት ይሰማል። ግታቸው ተወጥሮ ነው የሚጮኹት። ከመሃል የቡሬን ለየሁት። ፉልክን ልቀጣ ብዬ ማንን ነው የቀጣሁት? ማቤል ዳቦዋን አስቀምጣ አየችኝ። እሷ ዝም ስትል ነገሩ ከባድ ነው።

ምሳዬን ትቼ ጅረቱን ተሻገርኩ፣ እሷም ተከተለችኝ። ባልዲ አላነሳንም። ወተት ያላቸውን ሃያውንም መሬት ላይ አለብናቸው። ለጌታው አንዲት ጠብታ አትገባም አልኩ። በረቱ ነጭ ጭቃ ሆነ። ፉልክ መጥቶ አየን። አሁን ይጮሃል ስል፣ በርጩማ ስቦ ከጎኔ ተቀመጠና እሱም መሬት ላይ ማለብ ጀመረ። አያውቅበትም፣ ሁለቴ ተረገጠ። ሁሉንም ጨረስን። ስወጣ የጥጆቹን በር ከፍቼ እናቶቻቸው ላይ ለቀቅኳቸው። ከእንግዲህ እነሱ ይጥቡ።

ሐምሌ 7

ንጉሡ አዋጅ አስነግሯል አሉ። ከድሮው ደመወዝ በላይ መክፈልም መቀበልም ክልክል ነው፣ ጌታውን ጥሎ የሄደ ይታሰራል። ሁሉም ሰማው፣ ማንም አልሰማውም። የማዶው ፈረሰኛ አዋጁን ሰምቶ ሲያበቃ በጠላው ላይ የአሳማ ሥጋ ጨመረልን።

ነሐሴ 4

የጌታው ስንዴ ደርሷል። ከማዶ ሲታይ ወርቅ ነው። ፉልክ እንደ ድሮው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ቀንደ መለከቱን ነፋ። ድሮ ቢሆን ስልሳ ማጭድ ይወጣ ነበር። ዛሬ ቁራዎቹ ብቻ ብድግ አሉና ተመልሰው ስንዴው ላይ አረፉ። ብቻውን ሲያጭድ ዋለ። የአንድ አልጋ ያህል መሬት።

ነሐሴ 9

አመጣት።

በቀትር። በመንደሩ መሃል። የቀረነው ዘጠኝ ቤት ነን፣ ዘጠኙም ደጅ ወጥቷል። ገመዱን በገዛ እጁ ይዞ፣ ቡሬ ከኋላው። ከጥር ጀምሮ ተኝቼ ያየሁት ይህንን ነው። በሐሳቤ ግን ፉልክ ወፍራም ነበር። ይሄኛው ልብሱ ሰፍቶታል።

ጌታው ፈቅደዋል፣ ስንዴው ሳይረግፍ መንደሩን ይዘሽ ግቢልን አለ። ገመዱን ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። ይቁም። ሬሳ አጠገብ እንደቆምኩት እሱም ይቁም። ማቤል አልቻለችም፣ "ኧረ ፀሐዩ እሷንም አቃጠላት፣ ተቀበይው" አለችኝ። ለላሚቱ ብዬ ተቀበልኩ።

ከዚያ ሌላውን ነገርኩት። ሁዳድ ቀረ። መሬቱን በኪራይ እንይዛለን፣ ቀናችን የእኛ ነው። ሰው ሲሞት ከብት አይወሰድም። በብራና ተጽፎ፣ በማኅተም። ያለዚያ ማጭዳችንን ይዘን ማዶ ነን።

"ለጌታው ይህንን እኔ ልንገር?"

"ጭቃ ሹሙ አንተ ነህ።"

ነሐሴ 14

የጌታው ጸሐፊ በቅሎውን እየገረፈ መጣ። ስንዴው መርገፍ ጀምሯል፣ ቸኩሏል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጻፈ፣ እኔ ከትከሻው በላይ እያነበብኩ። አንዴ ቃል ሊለውጥ ሞከረ። ጣቴን አሳረፍኩበት። አፍጥጦ አየኝ... ላም አላቢ ታነባለች ብሎ ማን ያስባል?

"በዚህ ርስት የሚሞት ሰው ከብቱ አይወሰድበትም" የሚለው ላይ ሲደርስ ፉልክን አየሁት። ከሰዉ ኋላ ቆሞ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ። እሱም ነጻ ሊወጣ ነው? በእኔ ምላስ? ዋሪንን ተራምዶ ያለፈው?

"ጨምርበት" አልኩ። "ከፉልክ ቤት በቀር።"

ማቤል ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ አሁንም ጠቁሮ ይታያል። ጸሐፊው ትከሻውን ነቅንቆ ጻፈው። ለጌታው አንድ ቤትም ቢሆን ቤት ነው። ፉልክ ማጭዱን ይዞ ወጣና ከሁላችንም በፊት እርሻው ላይ ነበር።

አንዱ ቅጂ ከጸሐፊው ጋር ለጌታው ሄደ። የእኛ በቤተ ክርስቲያኑ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ።

ደስ አለኝ? አዎ። እስከ እራት ድረስ።

መስከረም 29

የሚካኤል ዕለት። ኪራዬን ከፈልኩ። ሰኞ ምን ልሥራ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ... የሚያዘኝ ሰው ጠፍቶ ግራ ገባኝ። ማቤል ጭራሽ ባል ይዛለች፣ ማዶ አብሯት ያጭድ የነበረውን። ጌታውን ፈቃድ አልጠየቀችም፣ እኔን ግን ጠየቀችኝ። አፍንጫው ትልቅ ነው አልኳት። አይቼዋለሁ አለችኝ።

ፉልክ ሹመቱን መለሰ። ከሩቅ አገር ጄርቪስ የሚባል ቅጥር ሰው መጥቷል። ፉልክ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆቡን ያነሳል። እኔ አልመልስም።

ጥቅምት 17

ፉልክ ተኝቷል አሉ። እብጠት የለውም፣ ሳል ነው። አልሄድኩም። ሾርባ ሠርቼ በማቤል ላክሁ፣ ለእናትየው። ለእናትየው ነው።

ጥቅምት 21

ዛሬ ጠዋት ሞተ።

እማማ ሂልዳ ቤት ስንደርስ ገና እየገነዙት ነበር። ጄርቪስ ደጅ ቆሟል፣ ገመድ ይዞ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እንዲያውም ቆቡን አውልቋል። ያላቸው አንድ በሬ ነው፣ የሚያርሱበት። አሮጊቷ በሩ ላይ ተቀምጣ መግቢያውን ዘግታለች። ሰማንያ ዓመቷ ነው፣ አንድ እጅ ይገፋታል።

"እትዬ አቪስ፣ አንድ ቤት ከውሉ ተለይቷል ብለውኛል። የቱ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አንብቢልኝ" አለኝ ጄርቪስ።

ሄጄ ብራናውን አመጣሁ። ሁሉም ቆሟል። ከመንደሩ ሰው በነሐሴ ያን ቀን እዚያ ያልነበረች እማማ ሂልዳ ብቻ ናት። የቀሩት ያውቃሉ። ማቤልም ታውቃለች፣ አፏ ግን ተዘግቷል። ማንም አላየኝም። ሁሉም እግሩን ያያል።

ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ድምፄ ደህና ነበር። እዚያ ቦታ ደረስኩ። በበሩ በኩል ፉልክ ይታየኛል፣ ጣውላ ላይ፣ አገጩ በጨርቅ ታስሮ። ይህንን ነበር የፈለግሁት። ልክ ይህንን። ሬሳው ቤት እያለ፣ ገመድ፣ በሬ። ምንም የጎደለ የለም።

ከዚያ የጌታው መልክ ሊታየኝ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ዕድሜዬን በሙሉ አንድ ቀን አላየሁትም። ላሜን የበላው፣ የአባቴን በሬ የበላው፣ አሁንም የትም ሳይሄድ ተቀምጦ ይህን በሬ የሚጠብቀው እሱ ነው። ለእሱ ነው የማነበው? ቂሜን እየሰበሰብኩ ለእሱ በረት ላስገባለት?

"ከወፍጮ ቤቱ በቀር ይላል" አልኩ። "እነሱ በግንቦት አልቀዋል።"

ጄርቪስ ማቤልን አየ። ማቤል አዎ፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር፣ አንድም አልተረፈም አለች። ባለትልቁ አፍንጫ ባሏ እንኳን፣ በግንቦት እዚህ ያልነበረው፣ አንገቱን ነቀነቀ። ጄርቪስ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

የጌታው ቅጂ ሩቅ ነው። አይተው ይምጡ እንግዲህ። ማንን ይዘው ያሳርሳሉ?

ቤቴ መጥቼ ቢላዬን ስዬ ያችን መስመር ፋቅኳት። ብራና ደግ ነው፣ ይፋቃል። ቦታው ትንሽ ሻክሯል።

ለፉልክ አዝኜ አይደለም። ይህን ራሴ እንዳልረሳው እጽፈዋለሁ። ነገ የሚቀብሩት ከዋሪን አጠገብ ነው፣ ሌላ ቦታ የለም፣ ሞልቷል። የቀረውን ሂሳብ ዋሪን ራሱ ይጠይቀው።