ቅዱስ ዮሴፍ ድርሻውን ተወጥቷል

ሮሄሊዮ ልጄ፣
መጀመሪያ ቁጭ በል። ቆመህ ካነበብከው በሩን ጓ አድርገህ ትወጣለህ፤ በሩ ደግሞ ጤነኛ ነው ብዬ ለገዢዎቹ ምያለሁ።

ባቄላው ምድጃው ላይ ነው፤ የቶርቲያ ቂጣው በጨርቅ ተጠቅልሏል። አሙቀህ ብላ።

ቤቱ ቶሎ እንዲሸጥ ብለህ የቅዱስ ዮሴፍን ምስል ደጃፋችን ላይ በአናቱ ዘቅዝቀህ ቀበርከው። ምስኪኑ አፉ አፈር ሞልቶ እንኳ ገዢ አመጣልህ። ባንኩም ስንት ወር ስልክ ላይ እያስጠበቀ ሙዚቃ ሲያሰማኝ ከርሞ፣ ከዕዳችን ባነሰ ዋጋ እንድንሸጥ ፈቀደ፤ የጎደለውንም ዕዳ በጽሑፍ ማረን።

አንተስ ምን አልክ? «ትንሽ እንጠብቅ አክስቴ፣ የወደቀው የቤት ዋጋ ይመለሳል!»

ይመለሳል እንጂ! ግማሹ የስቶክተን ከተማ እየጠበቀው አይደል? ጎረቤታችን ካሲሚሮም ጠበቀ፤ ቤቱን ባንክ ወሰደበትና አሁን እህቱ ቤት ሶፋ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል።

እስከ ዓርብ ካልፈረምን የእኛንም ባንኩ ለሐራጅ ያወጣዋል። እኔ ፈርሜያለሁ፤ የቀረው ያንተ ነው። ብዕሩን የሽያጭ ውሉ ላይ አስቀምጬልሃለሁ፣ ጠፋብኝ እንዳትል።

ትናንት በገዢዎቹ ፊት «ግትር በቅሎ» ያልኩህ...
እስኪወጡ መታገሥ ነበረብኝ።

እናትህ የተከለችውን ሎሚ ለባዕድ ትቶ መሄድ እንደከበደህ አውቃለሁ። ለእኔም እኮ እህቴ ነበረች።

ሥራ ረፈደብኝ። ብቻ ስትፈርም አንድ ነገር አስታውስልኝ፤ ይህን ቤት ከመግዛታችን በፊት እናትህ አንተን ያሳደገችህ ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት እየዞረች ነው፤ አንድም ቀን «ቤት የለንም» ስትል ሰምተሃት አታውቅም።

አክስትህ ኤውፌሚያ