መሬትን አላምንም ያሉ እኅት፦ የሕይወት ታሪካቸው

ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ወንዝ ዳር ባለች ጠባብ መንደር፣ የዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላረፉ እንደ በኵር ሆነው አደጉ። ከስድስት ዓመት በኋላ የተወለደው ብቸኛ ታናሽ ወንድማቸው ይህን ጽሑፍ የጻፈው ነው። ዕድሜ ልኩን «እታለም» ሲላቸው ስለኖረ፣ እዚህ ላይ «እርሳቸው» ማለቱ ለወጉ ያህል ነው እንጂ አፉን እየያዘው ነው።

ዘጠኝ ዓመት እንደሞላቸው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሬት ተንቀጠቀጠች። ዐሥራ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው የጎረቤት ቤት ወደቀ፤ የክፍል ጓደኛቸውም ውስጡ ነበረች። የእነርሱ ቤት ግን ልስኑ እንኳ አልተሰነጠቀም። ሁለቱንም ቤቶች የገነቡት አባታቸው ነበሩ፤ ድንጋዩ ከአንድ ካባ የወጣ፣ ኖራውም በአንድ ጉድጓድ የተቦካ ነበር። አባታቸው ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት መሣሪያቸውን አላነሡም። «ምን አጥፍቼ ነው?» እያሉ ለብቻቸው ያወሩ ነበር።

ልጃቸው መልሱን ያገኙት ከብዙ ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው። የእነርሱ ቤት የቆመው አለት ላይ ሲሆን፣ የጎረቤቱ ግን በተደፈነ አሮጌ የወንዝ መሄጃ ላይ ነበር፤ ልል አፈር ደግሞ ንዝረትን ያበዛል። ይህንኑ ሊነግሯቸው ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተጉዘው መጡ። አባታቸው አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «ታዲያ ያኔ ማን ሊነግረኝ ይችል ነበር?» አሉ። እኅታችን ሥራቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ያችን የአባቴን ጥያቄ መመለስ ነው» ይሉ ነበር።

ፊዚክስ ተምረው፣ ከዚያም በመሬት መንቀጥቀጥ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው በመሬት ንዝረት ጥናት ቢሮ ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ሥራ በአፍ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያው በቆመበት ቦታ መሬት ብትንቀጠቀጥ ምን ያህል ብርቱ ልትሆን እንደምትችል አስልቶ አንድ ቁጥር መስጠት ነው። መሐንዲሶቹ ያንን ቁጥር ይዘው ግድግዳውን፣ ፓምፑንና የማቀዝቀዣውን ቱቦ ያጠነክራሉ። ቁጥሩ ካነሰ ቱቦው ይበጠሳል፤ ውኃው ይፈሳል፤ ውኃ ያጣው ነዳጅ ይቀልጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኅታችን ለልጆቻቸው እንኳ ተናግረው አያውቁም። የሚጠየቁት በዐሥር ሺህ ዓመት አንዴ ስለሚመጣ መንቀጥቀጥ ሲሆን፣ በእጃቸው የነበረው የመቶ ዓመት ወሬና የሠላሳ ዓመት መዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ስብሰባ ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ «ምናልባት» ብለው ነበር የሚጀምሩት። የጣቢያው ሠራተኞችም «ወይዘሮ ምናልባት» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙን ወደዱት። «ወይዘሮ ምናልባት፣ ምሳ አይበሉም?» ሲሏቸው ምን ብለው እንደሚመልሱ መገመት አያስቸግርም።

በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው የሒሳብ መምህር የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ቤታቸውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቁም ሣጥኑ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያው፣ ማቀዝቀዣው፣ ሁሉም ከግድግዳው ጋር በብሎን ታስሯል። ከአልጋ በላይ ፎቶግራፍ አይሰቀልም። በየአልጋው ሥር አንድ ጥንድ ጫማና አንድ የእጅ ባትሪ ይቀመጣል። ባለቤታቸው እንግዳ ሲመጣ፣ «እዚህ ቤት ግድግዳ ላይ ያልታሰርኩት እኔ ብቻ ነኝ» እያሉ ያስቁ ነበር። ልጆቹ ግን የእናታቸውን ፍርሃት ከነጡቱ ጠብተውታል፤ የጭነት መኪና በበር ሲያልፍ ሁለቱም ቀና ብለው መብራቱን ያያሉ፤ ተወዛውዞ እንደሆነ።

አሁን ሊነገር ወደሚከብደው እንለፍ። እንዲነገር ያዘዙት እርሳቸው ናቸው።

በሠላሳ አንድ ዓመታቸው በጣቢያው ግቢ የንዝረት መለኪያ መሣሪያ ተከሉ። ቦታው ከትልልቆቹ ሕንፃዎች ሦስት መቶ ሜትር ርቆ፣ ሜዳ ላይ ያለ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ገባበት፤ በሁለተኛው አይጥ ሽቦውን በላው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ «እኛ ደረቅ ምድር ቤት አለን፤ ቁልፍ አለው፣ መብራት አለው። ምን ያለፋችኋል?» አሉ። የዝውውር ቅጽ መጣ። እኅታችን «ተስማምቻለሁ» ብለው ፈረሙ። መሣሪያው የኒውክሌር ነዳጁ ካለበት ከሪአክተሩ ሕንፃ ሥር፣ አራት ሜትር ውፍረት ባለው የኮንክሪት ወለል ላይ ተቀመጠ። እንዲያ ያለ ከባድ ወለል መሬቷን ተጭኖ ዝም ያሰኛታል፤ መሣሪያው የሚሰማው የታፈነውን ንዝረት ነው። ይህን ለተማሪ የሚያስተምሩት እርሳቸው ነበሩ። ሲፈርሙ ግን ያሰቡት ስለ አይጡ ነበር።

ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ የጣቢያው ደኅንነት እንደገና ሲፈተሽ፣ ያ መሣሪያ የመዘገባቸውን ስልሳ ሦስት ትንንሽ መንቀጥቀጦች ይዘው አሰሉ። ቁጥሩ ዐሥራ ሁለት ሆነ። ይኸውም መሬት ብትንቀጠቀጥ ዕቃን ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ ዐሥራ ሁለት በመቶ አያልፍም ማለት ነው። ሁሉም ተደሰተ። በጣቢያው በብየዳ ሠራተኛነት የሚያገለግለው ታናሽ ወንድማቸውም በኩራት ደረቱን ነፋ። እርሳቸውም ያን ሰሞን እንቅልፍ ተኝተዋል።

በአርባ ሰባት ዓመታቸው፣ አንድ ጠዋት መጠነኛ መንቀጥቀጥ ሆነና መዝገቡን ሊወስዱ ወደ ጣቢያው ሄዱ። በሩ ላይ ሽማግሌው ጥበቃ የተሰበረ ብርጭቆ ይጠርጉ ነበር።

«ኧረ ተዉኝ እትዬ፣ ሻዬ ከነብርጭቆው ሄደ። መስኮቱ ከነፍሬሙ ነው የተንጫጫው» አሏቸው።

«የት ሆነው ነው?»

«የት እሄዳለሁ? እዚሁ ጎጆዬ ውስጥ ነኛ።»

እኅታችን ምድር ቤት ወርደው መዝገቡን አዩ። በመሣሪያው ቃል ከሄድን ያን ጠዋት ብርጭቆ ሊወድቅ ቀርቶ በውስጡ ያለው ሻይ እንኳ አይነቃነቅም። የጥበቃው ጎጆ ሜዳው ላይ፣ ያ የቆርቆሮ ቤት በነበረበት አጠገብ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ያኔ የተሰማቸውን ለወንድማቸው ሲነግሩት፣ «ከላዬ ያለው ሕንፃ ሁሉ በእኔ ፊርማ ላይ የቆመ መሰለኝ» ብለውታል።

ከጎጆው ጀርባ ሁለተኛ መሣሪያ ተክለው ሰባት ወር ጠበቁ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እነዚያ ሰባት ወራት የሕይወታቸው ክፉ ዘመን ነበሩ። ቀለበታቸው ከጣታቸው እየወለቀ አስቸገራቸው። ይፈሩ የነበረው ሁለት ነገር ነው፦ አንደኛው መሬቷ ሳትጠብቃቸው እንዳትቀድማቸው፣ ሁለተኛው ደግሞ የሰው ፊት። ዘጠኝ ትንንሽ መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ፤ በሁሉም የውጭው መዝገብ የምድር ቤቱን እጥፍ ይጠጋ ነበር። ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። የመጀመሪያው መስመር «ስሕተቱ የእኔ ነው» ይላል። አዲሱ ቁጥር ሃያ ሁለት ነበር።

ጣቢያው ለማጠናከሪያ ሥራ ዐሥራ አራት ወር ተዘጋ። ዘጠኝ መቶ ሠራተኛ ቤቱ ተቀመጠ፤ ከተማው በየሰፈሩ መብራት በፈረቃ ሆነ። ሰው በመንገድ ሲያያቸው ማዶ ይሻገር ጀመር። ታናሽ ወንድማቸውም ቤታቸው ማዕድ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እታለም፣ አንቺ ስለፈራሽ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ሰው ቤቱ የሚውለው?» አላቸው።

«አዎ» አሉት።

«ፈሪ» ብሎ ትቷቸው ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዓመት ከመንፈቅ በራቸውን አልረገጠም። ይህን ቃል ከዚህ ጽሑፍ ሊያወጣው ሞክሮ ነበር። በሕይወት ሳሉ ይቅርታ ስላደረጉለት፣ ሲያነበው ሊያፍርበት ብቻ ተወው።

ጣቢያው ተከፍቶ ወንድማቸው ወደ ሥራው በተመለሰ በሦስተኛው ዓመት፣ ከምሳ በኋላ፣ በፓምፕ ክፍሉ ቱቦዎች ሥር ሆኖ ሲሠራ መሬቷ ተነሣች። መብራቱ ጠፋ፤ ሪአክተሩ በራሱ ቆመ። በማጠናከሪያው ጊዜ ራሱ የበየዳቸው አዳዲስ የብረት ድጋፎች ከራሱ በላይ ሲያቃስቱ ሰማ። ሰው ልጁን የሚያስብ ይመስለዋል፤ እርሱ ያሰበው ብየዳዎቹን አንድ በአንድ ነበር። አንዱም አልተላቀቀም። መሬቷ ስትረጋ ስልኩ ጠራ። እታለም ናቸው። «ወንድምዬ፣ ከቱቦዎቹ ሥር ውጣ። ትደግማለች፤ ቶሎ ውጣ» አሉት። የውጭው መሣሪያ ያን ቀን ዐሥራ አምስት መዝግቧል። በአሮጌው ቁጥር ቢሆን ኖሮ ዛሬ በዚህች ከተማ ቀባሪም ተቀባሪም አይኖርም ነበር።

በስልሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። የምስክር ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው፤ ሰዓቱንም በአራት ብሎን አሰሩት። መፍራታቸውን ግን አልተዉም። በካርታው መሠረት ትልቁ የመሬት ስንጥቅ የሚያበቃው ከጣቢያው ዐሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። እርሳቸው ግን አዲሱ መንገድ ሲቆረጥ የአፈሩን ቀለም አይተው፣ «ይህ ነገር አላለቀም» አሉ። ወንድማቸውን አስከትለው ለሁለት በጋ ቦይ አስቆፈሩ። ሦስት ሜትር ከወረዱ በኋላ አፈሩ እንደ ተደራረበ ብርድ ልብስ ሆኖ ታየ፤ አንዱ ድርብ ግን መሐል ላይ ተቆርጦ ወደ ታች ሁለት ክንድ ወርዷል። ስንጥቁ እዚያው ነበር። ከቦዩ እስከ ጣቢያው ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። በእርሳቸው ስሌት ሃያ ሁለትም አይበቃም። ለቢሮው ሦስት ደብዳቤ ጻፉ። ሦስቱም «ወደፊት የሚታይ ይሆናል» የሚል መልስ አገኙ።

ባለፈው ዓመት የቆሽት ካንሰር ያዛቸው። በአገር ውስጥም በውጭም ሕክምና ቢደረግላቸው ሊሻላቸው አልቻለም። ሊያርፉ ዐሥር ቀን ሲቀራቸው ወንድማቸውን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ የሕይወት ታሪካቸውን እርሱ እንዲጽፍና ስለ ቦዩ ሳያስቀር እንዲያነብ አዘዙት። «ደብዳቤ ሰው ሳያነበው ያስቀምጣል። ስብሰባም ላይ ያቋርጡሃል። ቀብር ላይ ግን እስኪያልቅ ቆመው ይሰማሉ» አሉት።

«እታለም፣ የሰው ፊት እንዴት አድርጌ አያለሁ?»

«ወረቀቱን እያየህ አንብብ።»

«ተሳስተሽ ቢሆንስ?»

«ምናልባት» አሉ፤ «ተሳስቼ ከሆነ እሰየው። ሄደው አይተው ተሳስታለች ይበሉኝ።»

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የቀሩት ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። እንደ ልጃቸው ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ የጣቢያው መቆጣጠሪያ ክፍል ሠራተኛ ነው። ተራው ስለሆነ አክስቱን ሊሸኝ አልቻለም፤ ይህ በሚነበብበት በዚህ ሰዓት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አባቱ ይፈራል። እታለም የሚፈሩትን ያህል መፍራት የጀመረው ዘግይቶ ነው።

ለመላው ቤተሰብና ወዳጅ ሁሉ ፈጣሪ መጽናናትን ይስጥ። የእኅታችንን ነፍስ ስጋት በማይደርስበት ያኑርልን፤ እኛንም ጊዜ ሳያልፍብን ያንቃን።

ከሥርዓቱ ፍጻሜ በኋላ ነጭ ሚኒባስ ከበሩ ፊት ለፊት ይጠብቃል። እስከ ቦዩ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ መሰላል ተዘጋጅቷል። ሚኒባሱ ዐሥራ ሁለት ሰው ይይዛል። ሁለቱ ወንበሮች ከፊት መስመር ለቆሙት ለጣቢያው ሥራ አስኪያጅና ለቢሮው ኃላፊ ተይዘዋል።