በኤልስፔት ድንጋይ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ

እኔ አዳም ድራምካርን፣ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ ሳንባዬ ውሃ ቢቋጥርም ልቡናዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያባብለኝና ሳያስፈራራኝ፣ በ1894 ዓመተ ምሕረት ኖቬምበር 11 ቀን፣ በቅዱስ ማርቲን ዕለት፣ በስኮትላንድ በአንገስ አውራጃ በእርሻ ቤቴ ተኝቼ ይህን ቃሌን ተናዘዝኩ። የሚጽፈው የሰበካችን መምህር ኒኒያን ክሮው ነው። አርባ ዓመት በጎቼን የጠበቀው ሙንጎ ፔትሪም አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል።

በቅድሚያ የፊተኛው ኑዛዜዬ ይሻር። በእርሱ ላይ «የድራምካርንን ስም የማይሸከም ይህን መሬት አይውረስ፤ ሴት ብትወርስም ባሏ ስሙን ትቶ የእኛን ይያዝ» ብዬ አጽፌ ነበር። ይህ የባላባቶች ደንብ ነው፤ እኛም የባላባት ዘር ነን ብለን እናምን ነበር። አንዲቱ ልጄ ኤልስፔት ሸማኔውን አንድሩ ቢቲን ላግባ ስትል፣ ይህንኑ ማዕድ ላይ ነገርኩት።

«ጌታዬ፣ እኔ የመጣሁት ሚስት ፍለጋ ነው። ያባቴ ስም መች ጠበበኝ?» አለኝ።

«እንግዲያማ የሸማኔ ስምህን ይዘህ ከደጄ ጥፋ!» አልኩት። ኤልስፔት ማንኪያዋን አስቀምጣ ተከትላው ወጣች። ዳግመኛ በዚህ በር አልገባችም።

በስምንተኛው ዓመት ሞተች። በአገራችን ባለትዳር ሴት ስትሞት በመቃብሯ ድንጋይ ላይ የሚቀረጸው የአባቷ ቤተሰብ ስም ነው፤ አንድሩም ቆቡን በእጁ ይዞ ያንን ሊለምነኝ መጣ። «ስሜ ለሸማኔ ሚስት ድንጋይ ማድመቂያ አይሆንም» ብዬ መለስኩት። ድንጋይ ጠራቢው ጭሰኛዬ ነበርና እንዳይቀርጽ ከለከልኩት። እርሱም «ኤልስፔት» ብሎ፣ አንድ ስንዝር ባዶ ትቶ፣ «የአንድሩ ቢቲ ሚስት» ብሎ ጨረሰ። ሃያ ሦስት ዓመት እሑድ እሑድ ወደ ጸሎት ስሄድ በዚያ ድንጋይ አጠገብ አልፌአለሁ። ፊቴን አዙሬ ነው ያለፍኩት።

ባለፈው ጸደይ መምህር ኒኒያን የቤተ ክርስቲያናችንን አሮጌ መዝገብ ሲመረምር የዘራችንን መነሻ አገኘ። «ቶማስ የተባለ፣ ጌታው ከድራምካርን ሸለቆ ያባረረው፣ የታመመች ሚስቱን አዝሎ መጣ። የአጃ ዱቄት ተሰጠው» ይላል። ይህን እርሻ ድራምካርን ብሎ የሰየመው የገዛው አያቴ ነው፤ እኛን ግን ከጥንት ጀምሮ ርስታችን እንደ ነበረ እየነገረ አሳደገን። ሙንጎ ይህን ሲሰማ ሳቀብኝ።

«ምን ያስደንቅዎታል ጌቶች? ሰው አገሩ ላይ እያለ ባገሩ ስም ማን ይጠራዋል? ጎረቤቱም እኮ የዚያው አገር ሰው ነው! ሲባረር ነው የሰው አገር ሰው ‹ያ የድራምካርኑ› የሚለው።»

እውነቱን ነው። ስማችን የርስት ማስረጃ መስሎኝ ኖርኩ፤ ለካ የስደት ምልክት ኖሯል። የተባረረ ሰው ዘር ሆኜ፣ በዚያው ስም ልጄን አባረርኩ። አፍራለሁ።

ስለዚህ እርሻው፣ በጎቹና ቤቱ ለኤልስፔት ልጅ ለግሪዝል ቢቲ ይሁኑ። ከስሟ አንዲት ፊደል እንዳትለውጥ። የቀንድ እጀታ ያለው ከዘራዬ ለሙንጎ ይሰጥ፤ ሲመኘው እንደ ኖረ አውቃለሁ። አባቴ በአንድ ሠዓሊ ያስፈለሰፈው፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ባለ አንበሳ አርማ ለዶሮ ቤቱ በር ይሁን፤ በሩ ዘንድሮ ተሰብሯል።

ግሪዝል ዳንዲ ከተማ በፋብሪካ ትሠራለች። መጥታ እንድታየኝ ጽፌላት ነበር። «እርሻዎን አልለመንኩም። አልመጣም። በእናቴ ድንጋይ ላይ የቀረውን ቦታ ያስሞሉልኝ» ብላ መለሰችልኝ። አያቴም አላለችኝ። አልቀየማትም።

እንግዲህ እኔ ሳልቀበር ያ ባዶ ስንዝር «ድራምካርን» ተብሎ ይቀረጽበት። የእኔ ድንጋይ ግን ምንም ሳይጻፍበት ይቁም። ግሪዝል ከፈቀደች ስሜን ታስቀርጽ፤ ካልፈቀደች እንዲሁ ይቅር። ማንም ሄዶ እንዳይለምናት።

በአገራችን ባለመሬት የሚፈርመው በመሬቱ ስም ብቻ ነው። እኔም ስድሳ ዓመት «ድራምካርን» ብዬ ብቻ ፈርሜአለሁ። አሁን መምህሩ ብዕሩን ሲያቀብለኝ «እንደ ልማድዎ ይፈርሙ» አለኝ። እንቢ ብያለሁ።

ሲናዘዝ ሰምተናል፤ ሲፈርም አይተናል፦
ኒኒያን ክሮው፣ መምህር
ሙንጎ ፔትሪ፣ እረኛ

ተናዛዥ፦
አዳም፣ የኤልስፔት አባት