ስለዚያ እሑድ ብርዝና ስለ በላይነሽ ስም

ለተከበሩ ጋሽ ግዛቸው
የማኅበረ ምእመናናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ
ቦንጋ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የወገብዎ ሕመም እንደተሻለዎት፣ በዚህ ዝናብም ዳገቱ ሳያዳልጥዎት ወደ ጸሎት ቤት እየወጡ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የጉባኤው አባላትም ለመጪው እሑድ በሙሉ ጤና እንዲደርሱ እጸልያለሁ፤ አንዳችሁም እንድትቀሩ አልፈልግምና።

ጋሽ ግዛቸው፣ ለሟቹ ባለቤቴ ለገሠሠም ቢሆን ነግሬው የማላውቀውን ነገር ከፊት ላስቀድመው፤ ወደ ኋላ ካቆየሁት እንደ ልማዴ ሳልጽፈው እቀራለሁ። በነሐሴ 2007 ዓ.ም. በጌታ እራት ላይ የጠጣችሁት የዘቢብ ጭማቂ አልነበረም። ብርዝ ነበር። ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ እንጂ ጥፋተኛ ያላችኋት በላይነሽ አይደለችም።

ደብዳቤውን ሌሎችም ስለሚያነቡት፣ እርስዎ በሚገባ የሚያውቁትን ለማያውቁት እንድገልጽ ይፍቀዱልኝ። አያቶቻችን ወንጌልን ከፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን ሲቀበሉ በአካባቢያቸው ወይን አልነበረም፤ ማር ግን ሞልቶ ነበር። ስለዚህ በጌታ እራት ብርዝ ይጠጡ ነበር፤ ጌታም፣ እኔ እስከማውቀው፣ በዚህ ቅር መሰኘቱን የገለጸበት ጊዜ የለም። በ2004 ዓ.ም. ግን እርስዎ፣ በአምልኮ ውስጥ መጽሐፍ ያላዘዘው ሁሉ የተከለከለ መሆኑን አስተማሩን። ኪቦርዱ ወጣ፤ ከበሮው ወጣ፤ ጭብጨባው ቀረ፤ የመስኮቱ መጋረጃ አበባ ስላለበት ተነሣ፤ ብርዙም የወይን ፍሬ አይደለም ተብሎ ተከለከለ። የቀድሞ ቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ዮናታንና የቀሩት ምእመናን ይህን ሁሉ ማስወጣት አንፈልግም ባሉ ጊዜ፣ እኛው ራሳችን ወጣን።

በዚህ መነሻ ያሉኝን ምስጋናዎች በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከወንድሞቻችን ስለለያችሁን አመሰግናለሁ። አርባ አንድ ቤተሰብ ሆነን ወጥተን የራሳችንን የቆርቆሮ ጸሎት ቤት ሠራን። ባለፈው ዓመት ደግሞ በጸሎት ጊዜ መቆም ይገባል ወይስ መቀመጥ በሚለው ተለያይተን አሥራ ሰባት ቀረን። ንጽሕናችን በዚህ ፍጥነት ከቀጠለ፣ እርስዎ ብቻዎን ያለ አንዳች ነውር የሚያመልኩበትን ቀን በሕይወቴ ሳላይ እንደማልሞት አምናለሁ።

2ኛ/ ስለ ምላስዎ ትክክለኛነት አመሰግናለሁ። ጽዋውን የምናዘጋጀው እኔና በላይነሽ በተራ ነበር፤ ዘቢቡም ከጅማ ይመጣ ነበር። ያን ሳምንት በወረቀቱ ላይ ተራው የበላይነሽ ነበር፤ እሷ ግን ዓርብ ዕለት ለአጎቷ ልቅሶ ወደ ደካ ስትሄድ ሥራውን ለእኔ ሰጠችኝ። የጅማውን መንገድ ናዳ ዘግቶት ዘቢቡ አልደረሰም። ቅዳሜ ከሰዓት ልነግርዎት እስከ ደጃፍዎ መጥቼ ነበር፤ ነገር ግን የጌታን እራት ያስተጓጎለችው የሽማግሌው የገሠሠ ሚስት ናት እንዳልባል ፈርቼ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ከሺሺንዳ ገበያ የመጣ ማር ቤት ውስጥ ነበረኝ፤ እሱን በውኃ በጠበጥኩ፤ ለመልኩም ግማሽ ቀይ ሥር ጨመቅሁበት። በላይነሽ እሑድ ጠዋት ከመኪና ወርዳ በቀጥታ ወደ ጸሎት ቤት ስለገባች ምንም አላወቀችም፤ የነገርኳት በኋላ ነው።

እርስዎ ጽዋውን ቀምሰው ጥቂት ዓይንዎን ጨፈኑ። ከዚያም በጉባኤው ፊት፣ «ወገኖቼ፣ ከተለየን ወዲህ እንደ ዛሬው ያለ ንጹሕ ጽዋ አልቀመስንም» አሉ፤ የተረፈውንም ማንም እንዳያረክሰው በማለት ራስዎ ጨረሱት። በዚህ ቢበቃ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ። እርስዎ ግን ከእንግዲህ ሁልጊዜ ከዚያው ዘቢብ እንዲላክልን ለማዘዝ ለጅማው ነጋዴ ደወሉ። ሰውየውም፣ «ጋሼ፣ ያን ሳምንት እኮ መኪና አላለፈም፤ የእናንተ ዘቢብ ይኸው መደርደሪያ ላይ ነው» አለዎት።

3ኛ/ ስለ ምርመራው ጥልቀት አመሰግናለሁ። ጉባኤው አምስት ጊዜ ተሰብስቦ የተራ ወረቀቱን አገላብጦ ተመለከተ፤ ከወረቀቱ በስተቀር ግን ማንንም አልጠየቀም። በላይነሽ ስትጠራ፣ «ተራው የኔ ነበር፤ ሌላ የምለው የለኝም» አለች። ንስሐ እንድትገባ ስትጠየቅም፣ «ለጌታ ማር ሰጥቶ ንስሐ የገባ ሰው አላውቅም» ብላ መለሰች፤ ይህም ትዕቢት ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። እኔ እዚያው አግዳሚው ላይ ነበርኩ። ስንወጣ ክንዴን ይዛ፣ «ዝም በይ አልጋዬ። ባልሽ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንቺን ሲያወግዝ ማየት አልፈልግም። እኔ እንደሆነ ባል የለኝ፣ ምን ይወስዱብኛል?» አለችኝ።

ከጌታ ማዕድ አገዳችኋት፤ ምን እንደወሰዳችሁባትም ከጎኗ ተቀምጬ አየሁ። በዓመት አራት ጊዜ፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ፣ ጽዋዎቹን የያዘው ትሪ ከእኔ እጅ ተነሥቶ በእሷ ጉልበት ላይ አልፎ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄድ ነበር። እሷም እንዳይደፋብኝ ጫፉን ትደግፍልኝ ነበር።

ገሠሠ ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሰበቤም አብሮት ተቀብሯል፤ እኔ ግን ዝም ማለቴን ቀጠልኩ። መጀመሪያ ለባሌ ክብር ነበር፤ በኋላ ግን ያን ያህል ዘመን ዝም ያልኩ ሴት መሆኔ እንዳይታወቅ ነበር። በላይነሽ ባለፈው ዓመት እንደታገደች ሞተች። እርስዎም በቀብሯ ላይ ስለ እግዚአብሔር ፍርድ ግሩም ትምህርት ሰጡ፤ በጥሞና አዳምጬዋለሁ።

ለአራተኛው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ምስጋናዬ እዚህ ላይ አልቋል።

የበላይነሽ ልጅ ሰብሌ ሕፃን ልጇን ሃሌሉያን እንድታጠምቁላት ጠይቃችሁ ነበር። የመለሳችሁላት ማኅተም ያረፈበት ቅጽ ነው፤ «ሟች እናቴ የጌታን ጽዋ ማርከሷን አምኜ በእሷ ስም ንስሐ ገብቻለሁ» ይላል፤ ከታችም የፊርማ ቦታ አለው። እሑድ በጉባኤው ፊት ካልፈረመች ሕፃኗ አትጠመቅም። ሰብሌ ወረቀቱን ይዛ ቤቴ መጣችና፣ «እትዬ፣ እርስዎ ብዙ ያነባሉ፤ ይህን ብፈርም እናቴን ካድኳት ማለት ነው?» አለችኝ። እኔ ማንበብን የለመድኩት ልጆቼ በጨረሱት ደብተርና ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሁለቱም ገጥሞኝ አያውቅም። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸኘኋት። በሩን ከዘጋሁ በኋላ፣ እናቷ ላይ ያደረግሁትን በልጅቷም ላይ ላደርገው እንደሆነ ገባኝ።

አስቤበትም መጽሐፍ ቅዱሴን ከፍቼ ስፈልግ ሰነበትኩ። መጽሐፍ ያላዘዘውን ሁሉ ከአምልኮ ያስወጣችሁ እናንተ እንደመሆናችሁ፣ በሞተ ሰው ስም ንስሐ መግባት የታዘዘበትን ምዕራፍና ቁጥር ቢጠቁሙኝ በታላቅ ትሕትና እቀበላለሁ። እኔ አላገኘሁትም። ከተገኘ ግን፣ ቀድመውን ስለሞቱት ብርዝ ጠጪ አያቶቻችን ሁሉ ቅጹ በብዛት እንዲባዛ አሳስባለሁ፤ የእርስዎ አያትም ከእነሱ አንዱ ነበሩና መጀመሪያ የሚፈርሙት እርስዎ ይሆናሉ።

ስለዚህ ጉባኤው በላይነሽን ባገደበት መዝገብ ላይ ስሟን ሰርዞ በምትኩ የእኔን እንዲጽፍ፣ ይህንንም ቅጣቱ በተነበበበት በዚያው ስፍራ፣ በዚያው የድምፅ ከፍታ እንዲያነብ፣ ለሰብሌ የተሰጠውንም ቅጽ እንዲያነሣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከጌታ ማዕድ ለምታግዱኝ ዘመን ይግባኝ አልልም። እስከ ዛሬ የተቀበልኩት ሁሉ የሌላ ሰው ድርሻ እንደነበረ አውቃለሁ።

በአምልኮ ንጽሕና ላይ ያለዎት ቅንዓት እንዳይቀዘቅዝ፣ ወገብዎም እንዲጠናልዎ እየተመኘሁ፣ ለታላቅነትዎ የሚገባውን አክብሮት አንድም ሳላስቀር በማቅረብ፣ ራሴን ለምርመራ ዝግጁ አድርጌ እሰናበታለሁ።

አልጋነሽ፣ የሟቹ ሽማግሌ የገሠሠ ባለቤት
ቦንጋ፣ ሰኔ 2017 ዓ.ም.

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ በአደባባይ የተደረገ ኃጢአት በአደባባይ ይነገር የሚለው የጉባኤው ደንብ ስለሆነ ደብዳቤውን በፖስታ አላሸግሁትም። በእጄ በሦስት ግልባጭ ጽፌዋለሁ፤ እርስዎ የደረሰዎት ሦስተኛው ነው። ሁለተኛው ቄስ ዮናታን ዘንድ ነው፤ እሳቸውም ሕፃን ለማጥመቅ ከእናቷ ምንም ፊርማ እንደማይፈልጉ ነግረውኛል። የመጀመሪያውን ትናንት ለሰብሌ ሰጥቻታለሁ። እሑድ ጉባኤው ብዕር አዘጋጅቶ እንዳይቸገር፤ ሰብሌ በሁለት እጇ ልጇን ትይዛለች።