የሰፋሁት ምዕራፍ

ዲላ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለማርታ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ሱቅ የተከራየሁትን የሙት መንፈስ ታሪክ ትናንት አስቀድሜ ራሴ ጨረስኩት። ልጄ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የጦጣና የጅብ ተረት ግን ከሰለቻት ቆይቷል። መጽሐፉ ጥሩ ነው። የከበደኝ የመቃብሩ ምዕራፍ ብቻ ነው። አባቷን ከወሰዱት ወዲህ የት እንዳደረሱት አናውቅም፤ በቤታችንም የሞት ነገር አይነሳም። ስለዚህ የዚያን ምዕራፍ ገጾች ዳር ዳሩን በክር ሰፍቼ ሰጠኋት።

ከቡሌ ልትጠይቀን የመጣችው እህቴ መጽሐፉን ስታይ፣ "በኢየሱስ ስም! ልጅቷን በአጋንንት ልታስፈጂ ነው?" አለችኝ።

"በራችን በሰደፍ ሲደበደብ የሰማች ልጅ ናት። ወረቀት አያስፈራትም" አልኳት።

ዛሬ ማርታ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ስፌቱ አልተነካም።

"አልፈታሽውም?"

"አንቺ የሰፋሽውን እንዴት እፈታለሁ? ግን እማዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። መንፈሱ የት እንደተቀበረ ለልጆቹ ነገራቸው?"

"አዎ፣ ነገራቸው።"

"ታድለው" አለች።

ለካ የሰፋሁባት የምትፈራውን ሳይሆን የምትፈልገውን ኖሯል። ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ማርታ በርጩማዋን አስጠግታ ተቀመጠች። እኔም እህቴ ጓዳ ሆና እንድትሰማ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት።